ልጃችን በጦር ሜዳ መቁሰሉ እንዲታወቅለት ለደከማችሁ ሁሉ ከቤተሰቡ የቀረበ ምስጋና

ከሁሉ አስቀድሞ ይህን ቀን ላሳየን ለልዑል እግዚአብሔር ክብር ምስጋና ይድረሰው። በአሜሪካ ምድር ጦር ሲያገለግል እ.ኤ.አ. በ2012 በአፍጋኒስታን ካንዳሃር ግዛት የቆሰለው ልጃችን፣ በጠላት ጥቃት ለቆሰሉ ወታደሮች የሚሰጠው ፐርፕል ኸርት የተባለው ሜዳይ እንዲሰጠው ያቀረበው ጥያቄ ከብዙ ውጣ ውረድ በኋላ ተቀባይነት አግኝቶ፣ ሜዳዩ በዚህ ዓመት በእጁ ገብቷል። እኔና እናቱ ደብረ ብርሃን የምንኖር ጡረተኞች ነን። የረዳችሁንን ሁሉ በየቤታችሁ እየዞርን እንዳናመሰግን ዕድሜያችን ስላልፈቀደልን፣ ከእናንተም ብዙዎቹ በባሕር ማዶ ስለሆናችሁ፣ ምስጋናችንን በዚህ ጽሑፍ ለማቅረብ ተገደናል።

ልጃችን ከሠራዊቱ ተሰናብቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አገሩ ሲመጣ እጅ እግሩ ሙሉ ነበር። ዘመድ ወዳጅ «እንኳን በደኅና ገባ» ብሎ እልል ሲል እኛም አብረን እልል አልን። ጉዳቱን ያየነው ወደ ሸዋ ሮቢት ለለቅሶ ስንወርድ ነው። የጣርማ በርን ዋሻ እያለፍን ሳለ ከፊታችን የነበረው የጭነት መኪና ጎማ ፈነዳና ድምፁ በዋሻው ውስጥ ሲያስተጋባ፣ ልጄ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ በወንበሮቹ መካከል ተደፋ። ደብረ ሲና እስክንደርስ ግንባሩን በነጠላ አስሮ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንድ ቃል ሳይናገር ተጓዘ። ራስ ምታቱ ከካንዳሃር ጀምሮ እንዳልተወው፣ የሰው ስምና ቀጠሮም እንደሚጠፋበት ለእናቱ የነገራት በዚያ ሌሊት ነው።

ሜዳዩን የጠየቀው ግን ወዲያው አይደለም። ከባልንጀሮቹ መካከል እግራቸውን ያጡ፣ ሕይወታቸውንም ያጡ ስላሉ፣ «እኔ በሁለት እግሬ ቆሜ ምን ብዬ እጠይቃለሁ?» ይል ነበር። ይህን ሐሳቡን ካስለወጡት አንዷ የመንዝ ተወላጅ የሆነችው፣ በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች በሚታከሙበት ሆስፒታል በነርስነት የምታገለግለው እኅታችን ናት። ሁለተኛው ራሱ እግሩን ያጣው ጓደኛው ሲሆን፣ ስልክ ደውሎ «እኔ የተቀበልኩት ሜዳይ ላንተም ካልተሰጠ ደስታዬ ሙሉ አይሆንም» ብሎታል። የዚህን ወጣት ደግነት በምን ቃል እንደምንገልጸው አናውቅም።

ነገሩን በቅርብ ያልተከታተላችሁ ወገኖች እንድትረዱት ስለ ሜዳዩ ጥቂት ልግለጽ። መነሻው ጆርጅ ዋሽንግተን እ.ኤ.አ. በ1782 ያቋቋመው የክብር ምልክት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1932 የዋሽንግተን ሁለት መቶኛ የልደት ዓመት ሲከበር አሁን ባለው መልኩ ታድሷል። ቅርጹ የልብ፣ መደቡ ሐምራዊ፣ ዙሪያው ወርቃማ ነው። ሌሎች የጀብዱ ሜዳዮች አለቃ መርጦ የሚያቀርባቸው ሲሆኑ፣ ይህ ግን መስፈርቱን ያሟላ ቁስለኛ ሁሉ የሚገባው ነው። ችግሩ ያለው መስፈርቱን ማሟላቱን በማስረጃ ማሳየቱ ላይ ነው፤ ቁስሉ ከጠላት ጥቃት የመጣ መሆኑ፣ ሕክምና ያስፈለገው መሆኑና ሕክምናውም በጊዜው በጽሑፍ የሰፈረ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። በፍንዳታ የሚደርስ የአንጎል መናወጥን በተመለከተ የአገሪቱ መከላከያ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ማብራሪያ፣ ወታደሩ ራሱን ስቶ ከነበረ፣ ወይም በጉዳቱ ምክንያት በሕክምና ባለሙያ ትእዛዝ ከ48 ሰዓት በላይ ከሙሉ ሥራው ታግዶ ከነበረ ሜዳዩ ይገባዋል። የመንፈስ ጭንቀት ብቻውን ግን አያበቃም። ስለዚህ እኛ በጣርማ በር ዋሻ ያየነው ድንጋጤ፣ ለወላጅ የቱንም ያህል ቢከብድ፣ ለማስረጃነት የሚጠቅም አልነበረም።

የመጀመሪያው ማመልከቻ የሕክምና ማስረጃ አልተያያዘበትም ተብሎ ተመለሰ። በግል ማኅደሩ ውስጥ ስለዚያ ዕለት የተጻፈ ምንም ነገር አልተገኘም ነበር። በዚህ ጊዜ ነው የቀድሞ ወታደሮችን ጉዳይ በነጻ የሚያስፈጽሙት አዛውንት የደረሱልን። እርሳቸው የልጁን ማኅደር ብቻ ሳይሆን፣ የክፍሉ የሕክምና ጣቢያ የዚያን ወር መዝገብ ለብቻው እንዲፈለግ ጠየቁ፤ ሳይታክቱም ደብዳቤ በደብዳቤ ላይ ጻፉ።

በመጨረሻ የተገኘው ማስረጃ አንዲት የሜዳ ሕክምና ካርድ ናት። ቅጂዋ ተልኮልን ልጄ በስልክ እየተረጐመ አስነብቦናል። በካርዷ ላይ ብረት ለበሱ መኪና መንገድ ዳር በተጠመደ ፈንጂ መመታቱ፣ ቁስለኛው ራሱን ስቶ እንደነበረና ሲነቃም ለሚጠየቀው ጥያቄ የማይታወቅ ቋንቋ እየተናገረ እንደሚመልስ ተጽፏል። ከሥሩም የሦስት ቀን ሙሉ ዕረፍት የሚያዝዝ ፊርማ አለበት። ሾፌሩና ተኳሹ በየፊናቸው በመሐላ አረጋግጠው በላኩት የምስክርነት ቃልም ሁለቱም ይህንኑ አንሥተዋል፤ የራስ ቁሩ ተሰንጥቆ እንዳገኙት፣ ስሙን ሲጠሩት በራሱ አገር ቋንቋ ብቻ ይመልስላቸው እንደነበር ጽፈዋል። እናቱ ይህ ሲነበብላት «ያን ጊዜ እኔን ሲጠራ ነበር» ብላ ብዙ አለቀሰች። ያቺን ካርድ በዚያ ጭንቅ መካከል አስተካክሎ የጻፈውን ወጣት የሕክምና ባለሙያ፣ ከስንት ዓመት በኋላም ያዩትን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ የመሰከሩትን ሁለቱን ወንድሞች፣ የእነርሱንም እናቶች እግዚአብሔር ይስጥልን እንላለን።

ነገሩ አባቴን አስታወሰኝ። እርሳቸውም በአምስቱ ዓመት የጠላት ወረራ ዘመን ራስ አበበ አረጋይ ከመሯቸው የሸዋ አርበኞች ጋር ተሰልፈው ጭናቸውን ቆስለው ነበር። ከነጻነት በኋላ አርበኝነታቸው የተመሰከረው አብረዋቸው በዱር የዋሉት ሰዎች ቀርበው ቃላቸውን ስለሰጡላቸው ነው። ወረቀት ባልነበረበት ዘመን አባቴን ያስከበራቸው የባልንጀራ ቃል፣ ዛሬም በሰው አገር ለልጅ ልጃቸው መድረሱን ሳስብ ልቤ እጅግ ይነካል።

እዚሁ ደብረ ብርሃን ውስጥ ሕመሙ ሲነሣበት መስኮቱን ጋርደው አብረውት ለተቀመጡት አብሮ አደጎቹ፣ የራስ ምታቱን በጥሞና ተከታትለው በጽሑፍ ላረጋገጡልን ሐኪም፣ ያለ ክፍያ ለተረጐሙልን መምህር፣ በጸሎት ላልተለዩን የንስሐ አባታችን፣ በሠርግ ወቅት ድምፅ ማጉያቸውን ከቤታችን አርቀው ለተከሉ ጎረቤቶቻችንና ለእድራችን አባላት በሙሉ ምስጋናችን ከልብ ነው። ሜዳዩ የወር ገንዘብ የሚያስገኝ አይደለም፤ በሕክምና በኩል ግን ቅድሚያ ይሰጠዋል፣ ለዚህም ፈጣሪን እናመሰግናለን።

በዚያ ሠራዊት ውስጥ ልጅ ያላችሁ የሰሜን ሸዋ ወላጆች፣ ልጃችሁ በፍንዳታ አጠገብ ነበርኩ ካላችሁ፣ አካሉ ሙሉ ቢሆንም እንኳ በዕለቱ የተጻፈለትን የሕክምና ወረቀት ቅጂ እንዲይዝና አብረውት የነበሩትን ሰዎች አድራሻ እንዳይጥል አደራ በሉት። እንዴት ማመልከት እንደሚገባ መጠየቅ የምትፈልጉ ካላችሁ ቤታችን ክፍት ነው፤ ልጃችንም በስልክ ሊያስረዳችሁ ፈቃደኛ መሆኑን እንድነግራችሁ አዝዞኛል።

አክባሪያችሁ፣
የልጁ አባት፣ ከመላው ቤተሰብ ጋር
ደብረ ብርሃን