ለጥንቱ ተከራካሪዬ

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወዳጄ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ መስመር ሳልጽፍልህ መቅረቴን በሥራ ብዛት ላመካኝ አልፈልግም፤ ዛሬ ነገ ስል ጊዜው ሄደ፣ ከሄደም በኋላ እፍረት ያዘኝ። አሁን ያስጻፈኝ በቪዲዮ ካሴት አብረን አይተን እስኪነጋ የተከራከርንበት «ኢንዶሺን» የተባለው፣ ስሙን ቬትናምን ከሚጨምረው የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት የወሰደው የፈረንሳይ ፊልም ነው። ባለፈው ሳምንት ብቻዬን ደግሜ አየሁትና፣ እውነቱ ወደ አንተ ማጋደሉን ሳልነግርህ መቆየት አልሆነልኝም።

አንተ ያኔ ፈረንሳዊው የባሕር ኃይል መኮንንና ቬትናማዊቷ ልዕልት ለምን እንደተዋደዱ አልገባኝም ብለህ ነበር። እኔ ደግሞ ሬዢስ ቫርኒዬ እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጣው ይህ ሥራ በውጭ ቋንቋ ፊልም ዘርፍ ኦስካር ማግኘቱን እንደ ምስክር እየጠራሁ ተሟገትኩህ። (ሽልማት ማስረጃ የሚመስለኝ ዕድሜ ላይ ነበርኩ።) አሁን ግን የፊልሙ ዋና ፍቅር የሁለቱ ወጣቶች አልመሰለኝም። ካትሪን ደነቭ የምትጫወታት ባለርስቷ ኤልያን፣ ወላጆቿ ሞተውባት በማደጎ ካሳደገቻት ከአናም (ከመካከለኛው ቬትናም) ልዕልት ከካሚይ ጋር ያላት ፍቅር ነው ፊልሙን የተሸከመው፤ ሁለቱም ሴቶች የሚወዱት ያ መኮንን በእናትና በልጅ መካከል የገባ ሽብልቅ ነው።

ትዝ ይልህ እንደሆነ፣ ኤልያን አንዱን የጎማ እርሻ ሠራተኛዋን በገዛ እጇ ከገረፈችው በኋላ፣ እናት ልጆቿን መምታት የምትወድ ይመስልሃል ወይ ብላ ትጠይቀዋለች፤ እሱም አባቴም እናቴም እርስዎ ነዎት ይላታል። ያኔ ይህን እንደ ዋዛ አሳለፍነው። ካሚይን የምታቅፈውም ሠራተኛውን የምትገርፈውም በአንድ እጅ ነው፣ ሁለቱንም ደግሞ በእናትነት ስም። ቅኝ ገዥው ራሱን በምን ዓይን ይመለከት እንደነበር ከዚህ የተሻለ ያሳየኝ ትዕይንት አላውቅም።

ካሚይ መኮንኑን ፍለጋ በእግሯ ወደ ሰሜን ስትጓዝ አብሯት የነበረውን ቤተሰብ በሰሜን ቬትናም በሃ ሎንግ የባሕር ወሽመጥ ተገድሎ ታገኘዋለች፤ አንድ ሌላ ፈረንሳዊ ሹም በጥይት የምትመታውም እዚያው ነው። በዚያ ስፍራ እንደ ዕቃ እየተመረጡ ወደ ደቡብ የሚጫኑት የጉልበት ሠራተኞች የሚሄዱት እንደ እናቷ እርሻ ወዳለ ቦታ ነው፤ የካሚይና የመኮንኑ ሽሽትና የጋራ ፍቅር የሚጀምረው ከዚህ በኋላ በመሆኑ፣ አንተ ያጣኸው ምክንያት ሳይኖርበት አይቀርም።

አንድ ነገር ግን አሁንም ያስከፋኛል። ካሜራው የሃ ሎንግን ቋጥኞችና ሸራዎች ለማሳየት ያን ያህል ጊዜ ሲሰጥ፣ ካሚይ ከተያዘች በኋላ በፑሎ ኮንዶር ደሴት ወኅኒ ያሳለፈቻቸውን፣ ልዕልቲቱ ኮሙኒስት የሆነችባቸውን ዓመታት አያሳየንም፤ እኛም እንደ ኤልያን ከበር ውጭ ቆመን እንጠብቃለን። ሕዝባዊ ግንባር የተባለው የፈረንሳይ ግራ ክንፍ ፓርቲዎች ጥምረት እ.ኤ.አ. በ1936 ሥልጣን ሲይዝ ትፈታና፣ እናቷን እርሻውን ሽጠሽ ሂጂ፣ ያንቺ ኢንዶሺን ሞታለች ትላታለች። ያ ዓመት፣ እንደምታውቀው፣ ጃንሆይ ጄኔቭ ላይ ለመንግሥታት ማኅበር አቤት ያሉበት ነው።

የመጨረሻውም ትዕይንት ጄኔቭ ነው፤ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1954፣ የፈረንሳይ ጦር ምሽግ ዲየን ቢየን ፉ በቬትናም ተዋጊዎች እጅ ከወደቀች በኋላ፣ ቬትናም በ17ኛው የኬክሮስ መስመር ለሁለት ልትከፈል ስትል። ካሚይ ከመኮንኑ የወለደችው ልጅ ኤትየን ወላጅ እናቱ ለድርድር ከመጡት የቬትናም ልዑካን ጋር ወዳለችበት ሆቴል ገብቶ፣ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ሳያገኛት ይወጣና፣ ሐይቁ ዳር ላሳደገችው ለኤልያን እናቴ አንቺ ነሽ ይላታል። አንተ በዚህ ጊዜ ተቆጥተህ መብራቱን አበራህ፤ እኔ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ስለነበር ፊቴን አዞርኩ። አሁን ሳየው ቁጣህም እንባዬም ትክክል መሰለኝ። ልጁ እዚያ አዳራሽ ውስጥ የእናቱን ስም ጠርቶ ያልጠየቀው ለምን ይመስልሃል? ይህን አስበህ ጻፍልኝ፤ እንደ እኔ ሦስት ዓመት አትቆይ።

ናፋቂ ወዳጅህ