ታሊዶማይድ ጽንስን የሚጎዳበት መንገድ ታውቋል

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ

በቅርቡ በጤና ዓምዳችሁ፣ ነፍሰ ጡሮች ለማቅለሽለሽ ይወስዱት ስለነበረው ታሊዶማይድ ስለተባለ መድኃኒት የወጣው ጽሑፍ የተረሳ ታሪክ በማንሣቱ የሚመሰገን ነው፤ ሆኖም መድኃኒቱ የሕፃናትን እጅና እግር እንዴት እንዳጎደለ እስከ ዛሬ አልታወቀም ብሎ መደምደሙ ሊታረም ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ1957 በምዕራብ ጀርመን ለገበያ የቀረበውና በ1961 መጨረሻ የተሰበሰበው ይህ መድኃኒት ከ10,000 በላይ ሕፃናትን የጎዳበትን መንገድ በወቅቱ ያወቀ አልነበረም። በ2010 ግን የጃፓን ተመራማሪዎች ታሊዶማይድ ሴሬብሎን ከሚባል ፕሮቲን ጋር እንደሚጣበቅ አሳዩ፤ በ2018 ደግሞ ሁለት የምርምር ቡድኖች በየፊናቸው፣ መድኃኒቱ የተጣበቀበት ሴሬብሎን ኤስኤኤልኤል4 የተባለውን ፕሮቲን እየያዘ የመወገድ ምልክት እንደሚያደርግበትና ሴሉም አፍርሶ እንደሚጥለው አረጋገጡ።

ኤስኤኤልኤል4 ዘረመሎችን ከሚቆጣጠሩት የዚንክ ፊንገር ፕሮቲኖች ወገን ነው። እያንዳንዱ ፊንገር (ጣት) 30 ያህል አሚኖ አሲዶች፣ ማለትም የፕሮቲን መገንቢያዎች፣ ያሉት ቁራጭ ሲሆን፣ ሁለት ሲስቴይንና ሁለት ሂስቲዲን የተባሉ አሚኖ አሲዶች አንዲት የዚንክ አተም መካከላቸው ይዘው ቅርጹን ያጸኑታል፤ በዚህ ቅርጹ ዲ.ኤን.ኤ. ላይ ካለው ቦይ ገብቶ ትክክለኛውን ቦታ ይለያል። በሰው ልጅ ዘንድ እንዲህ ያሉ ፕሮቲኖችን የሚያሠሩ ዘረመሎች ከ700 በላይ ናቸው። ከእነዚህ ብዙዎቹ ጽንሱ ቅርጽ ሲይዝ የትኛው ዘረመል የትና መቼ ሥራ እንደሚጀምር ይወስናሉ። የኤስኤኤልኤል4 ዘረመል ተበላሽቶባቸው የሚወለዱ ሰዎች እናቶቻቸው መድኃኒቱን ሳይቀምሱ ክንዳቸው ከታሊዶማይድ ሕፃናት ጋር እጅግ ስለሚመሳሰል፣ ሐኪሞች አንዱን ከሌላው ሳይለዩ የቀሩበት ጊዜ አለ። አይጥ ላይ የተደረገው ሙከራ ጉዳቱን ሳያሳይ ያታለለውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ የአይጥ ሴሬብሎንና ኤስኤኤልኤል4 ከሰው በጥቂት አሚኖ አሲዶች ስለሚለዩ መድኃኒቱ ኤስኤኤልኤል4ን አያስፈርስባትም። ነገሩ በዚህ አንድ ፕሮቲን ያልቃል ማለቴ አይደለም፤ ፒኤልዜድኤፍ የተባለ ሌላ የዚንክ ፊንገር ፕሮቲንም በዚሁ መንገድ እንደሚፈርስ ታይቷል። በነገራችን ላይ የዚንክ ክኒን መዋጥ ለዚህ አይፈይድም፤ የጠፋው ፕሮቲኑ እንጂ ዚንኩ አይደለምና።

ጽሑፉ ነፍሰ ጡር እናቶች ክትትል ሲጀምሩ ስለ መድኃኒት እንዲጠይቁ ይመክራል። የታሊዶማይድ አደጋ የሚበረታው ግን ከተጸነሰ ከ20ኛው እስከ 36ኛው ቀን ገደማ በመሆኑ፣ አብዛኛዋ ሴት ማርገዟን ሳታውቅ ወይም ገና እየጠረጠረች ነው። ጉዳዩ የድሮ ታሪክ ብቻም አይደለም። መድኃኒቱ ዛሬም ለአንድ የደም ካንሰር ዓይነትና በአንዳንድ አገሮች ከሥጋ ደዌ ጋር ለሚመጣ ሕመም ይሰጣል። በብራዚል ለሥጋ ደዌ ታካሚ የተሰጠው ክኒን ወደ ሌላ ሰው እጅ እየተላለፈ፣ መድኃኒቱ በ1961 ከተሰበሰበ በኋላም ጉዳት ያለባቸው ሕፃናት ተወልደዋል። የአቅራቢያችንን የቢሲዲሞ ሆስፒታል በሥጋ ደዌ ሕክምና ለምናውቅ ለሐረር ሰዎች ይህ ሩቅ ወሬ መሆን የለበትም።

በምሠራበት መድኃኒት ቤት፣ ስሙ የተጻፈበት ጫፍ በመቀስ ተቆርጦ የቀረ የክኒን ፓኬት ይዘው «ጎረቤቴ ለማቅለሽለሽ ጥሩ ነው ብላኛለች» የሚሉ ሴቶች ይመጣሉ። ክኒኑ ታሊዶማይድ ነው አልልም፤ ምን እንደሆነ ግን እኔም ሆንኩ እነርሱ ማወቅ አንችልም። ስለዚህ ዓምዱ እርማቱን ሲያወጣ፣ ምክሩን ከእርግዝና ክትትል በፊት ጀምሮ፣ ልጅ ለመውለድ የምታስብ ሴት ሁሉ ስሙ ያልታወቀ ክኒን እንዳትወስድ በሚል እንዲያስተካክለው በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ የመድኃኒት ባለሙያ
ከሐረር