ከአፈሳው በኋላ ማን ይመሰክራል?

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ባለፈው እትማችሁ በሰፈራችን ስለተካሄደው የሌሊት አፈሳ ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩ። ፖሊስ ጎዳና ላይ የሚቆሙትን ሴቶች በመኪና ጭኖ ወሰዳቸው፤ ነዋሪዎችም «እፎይ አልን» አሉ ይላል። ከሴቶቹ አንዷ እንኳ አልተጠየቀችም። መኪና አቁመው ዋጋ ሲደራደሩ የነበሩት ወንዶች የት እንደገቡም አልተጻፈም። እንድጽፍ ያነሳሳኝ ይሄ ነው።

ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ። አብዛኛውን የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በድንገተኛ ክፍል፣ በሌሊት ተረኝነት ነው። ቤቴ ደግሞ ሴቶቹ ከሚቆሙበት ጥግ አይርቅም። ስለዚህ ነገሩን ከሁለት ወገን አውቀዋለሁ፤ እንቅልፍ እንዳጣ ጎረቤትም፣ ቁስላቸውን እንዳጠበ ሰውም።

መጀመሪያ ስለ ጎረቤቶቼ ልናገር። ብሶታቸው እውነት ነው። ጠዋት ልጆች ወደ ትምህርት ቤት በሚሄዱበት መንገድ፣ አጥሩ ሥር፣ የተጣለ ኮንዶም አለ። እኩለ ሌሊት ላይ ጥሩምባ ይነፋል፣ ጠብ ይነሳል፣ ጠርሙስ ይሰበራል። ከሁሉ የሚያስመርረኝ ደግሞ ሌላ ነው። ደብተሯን አቅፋ ወደ ቤቷ የምትሄድ ልጅን መኪና በዝግታ ይከተላታል፤ መስታወቱ ዝቅ ይላል፤ ሹፌሩ «ነይ እንጂ» ይላታል። አንዲት ጎረቤቴ ልጇን ለመቀበል በየምሽቱ እስከ መታጠፊያው ትወጣለች። እነዚህን ሰዎች «ልባችሁ ደረቀ» ብሎ መውቀስ ቀላል ነው። እዚህ የማይኖር ሰው ግን ባይወቅሳቸው ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር ግን ልብ እንበል። ልጅቷን በመኪና የሚከተላት ማን ነው? ጥሩምባ የሚነፋውስ? ወንዱ ነው። ስንማረር ግን የምንማረረው በሴቶቹ ነው፤ ሲታፈሱ የምናያቸውም ሴቶቹን ነው። ወንዱ ሞተሩን አስነስቶ ይሄዳል፣ በማግስቱ ይመለሳል።

አሁን ደግሞ ስለ ድንገተኛ ክፍሉ። መንጋጋቸው የተሰበረ፣ አንገታቸው ላይ የጣት አሻራ የቀረ፣ ከሚሄድ መኪና የተገፈተሩ ሴቶች ይመጡ ነበር። ስማቸውን ይቀይራሉ። «ወድቄ ነው» ይላሉ። አንገት ላይ የጣት ምልክት የሚያስቀር አወዳደቅ የለም። «ፖሊስ ልጥራልሽ?» ስላቸው ግን ፊታቸው ይለወጣል። አንዷ ግንባሯ ተከፍቶ ደሟ እየወረደ «ከጠራሽ ሳትሰፊኝ እሄዳለሁ» ብላ ከአልጋው ተነስታለች። ምክንያቷን ቆይታ ነገረችኝ። ከዚያ በፊት ልትከስ ሄዳ ጣቢያ ያደረችው እሷ ነበረች። የደበደባት ሰው ቤቱ ነው ያደረው።

እንግዲህ እኔ የሰፈርን አሠራር የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው። ዛሬ ሌሊት የተደበደበች ሴት ነገ ጠዋት ጣቢያ ሄዳ ትናገራለች ወይ? አትናገርም ከሆነ፣ ጎዳናው ባዶ ሆኖ ቢታይም ሰፈሩ ሰላም አልሆነም። ደብዳቢው እዚሁ አለ። እሱን የምታውቀው ሴት ናት የተባረረችው።

ይህ የእኔ ስጋት ብቻ አይደለም። ካናዳ ውስጥ ቫንኩቨር ላይ የሆነውን ሳነብ እንቅልፍ አጥቻለሁ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1980ዎቹ መጀመሪያ ዌስት ኤንድ በሚባለው የከተማዋ ሰፈር ሴቶች በግልጽ ጎዳና ላይ ይሠሩ ነበር። ነዋሪዎቹ ልክ እንደኛ ተማረሩ፣ ተደራጁ፣ ሴቶቹን የሚገዙ ወንዶችን መንገድ ላይ የሚያሳፍር ቡድን ሳይቀር አቋቋሙ። በ1984 ፍርድ ቤት ሴቶቹን ከሰፈሩ አገደ። ግራንቪል ከሚባለው ጎዳና በስተምዕራብ እንዳይሠሩ ተከለከሉ። ሰፈሩ ጸጥ አለ። ነዋሪዎቹ እፎይ አሉ።

ሴቶቹ ግን የትም አልጠፉም። ወደ ሌላ ሰፈር ሄዱ። እዚያም ተማረሩባቸው፣ እዚያም ተባረሩ። በመጨረሻ የደረሱት ዳውንታውን ኢስትሳይድ በሚባለው ድሃ ሰፈርና ሌሊት ሰው በማይገኝበት የፋብሪካና የመጋዘን አካባቢ ነው። የሚያይ መስኮት የለም። ጩኸት ቢሰማ የሚወጣ ጎረቤት የለም። ከዚያ ሴቶች መጥፋት ጀመሩ። የፖሊስ የጠፉ ሴቶች ዝርዝር ውሎ አድሮ ከ60 በላይ ሆነ። ቤተሰቦቻቸው ለፖሊስ ሲያመለክቱ «የሆነ ቦታ ሄዳ ይሆናል» የሚባሉ ነበሩ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ደግሞ የሚከተለው ነው። በ1997 አንዲት ሴት ሮበርት ፒክተን ከሚባል አሳማ አርቢ እርሻ በጩቤ ተወግታ አመለጠች። ተናገረች። ሰውዬው በግድያ ሙከራ ተከሰሰ። በ1998 ክሱ ተቋረጠ። ሴትየዋ አደንዛዥ ዕፅ ስለምትወስድ ጥሩ ምስክር አትሆንም ተባለ። ፒክተን ከዚያ በኋላ እስከ 2002 ድረስ በነጻነት ኖረ። ከተያዘ በኋላ በ26 ሴቶች ግድያ ተከሰሰ፤ በ2007 በስድስቱ ተፈረደበት። ነገሩን የመረመረው የዋሊ ኦፓል ኮሚሽን በ2012 ባወጣው ሪፖርት ፖሊስ እነዚህን ሴቶች የናቀበትንና ከባድ ጥፋት የፈጸመበትን መንገድ በዝርዝር አስፍሯል።

ያቺ ሴት ትታመን ኖሮ! ነርስ ስለሆንኩ ይሆናል ከዚህ ሐሳብ መውጣት የማልችለው። ቁስሏን የሰፋ ሰው ነበር። ሕይወቷን ያተረፈ ሐኪም ነበር። የሆነባትን ሁሉ ተናግራለች። ቃሏ ግን ከማንነቷ የተነሳ ቀለለ።

በ2016 ዌስት ኤንድ ውስጥ ለተባረሩት ሴቶች መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ያለ፣ ቀይ መብራት የሚበራበት የመንገድ ምሰሶ ነው። ከተማው ራሱ ለሥራው ገንዘብ ሰጥቷል። እገዳው ከወጣ 32 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ስለ አፈሳ ሳስብ አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ብዙ ሰው የማያስተውለው። ሴቶቹ መኪና ውስጥ ከመግባታቸው በፊት ትንሽ ይቆማሉ። እኛ ከመስኮት ስናይ ድርድር ብቻ ይመስለናል። እነሱ ግን በዚያች ጊዜ ብዙ ነገር ነው የሚያዩት። ሰውዬው ሰክሯል? ከኋላ የተደበቀ ሌላ ሰው አለ? በሩ ከውስጥ ይከፈታል? ጓደኛዋ ታርጋውን አይታለች? በመጥፎነቱ የሚታወቀው ሰውዬ ይሆን? ፓትሮል መኪና የሚዞር ከሆነ ግን ይህ ሁሉ ይቀራል። ፖሊስ እንዳያያት ዘላ ትገባለች። ከዚያ በኋላ ዕድሏ ነው። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2013 በሙሉ ድምፅ ስለ ሴተኛ አዳሪነት የወጡ ሦስት የሕግ ድንጋጌዎችን ሲሽር ካመዘናቸው ጉዳዮች አንዱ ይሄው ነበር። በአደባባይ መነጋገርን የሚከለክለው ሕግ ሴቶቹ ደንበኛቸውን አይተው እንዳይለዩ አድርጓል አለ። ፓርላማው በ2014 ሌላ ሕግ አወጣ፤ ገዢውን ወንጀለኛ የሚያደርግ። እሱም እስከ ዛሬ ያከራክራል።

በ2018 ከ33 አገሮች የተሰበሰቡ ጥናቶችን የመረመረ ሥራ ታትሟል። አፈሳ፣ እስርና የፖሊስ ማዋከብ የደረሰባቸው ሴቶች ካልደረሰባቸው ይልቅ በደንበኛም ሆነ በሌላ ሰው የመደብደብና የመደፈር ዕድላቸው ሦስት እጥፍ ያህል ነው ይላል። ድንገተኛ ክፍል ለሠራ ሰው ይህ ቁጥር አዲስ አይደለም።

ኮንዶምንም ላንሳ፤ ጎረቤቶቼ አጥር ሥር ያዩትን ማለቴ ነው። በአንዳንድ የአሜሪካ ከተሞች ፖሊስ ሴት ቦርሳ ውስጥ ያገኘውን ኮንዶም እንደ ማስረጃ ይቆጥር ነበር። ውጤቱ ምን ሆነ? ብዙዎቹ መያዝ ፈሩ። ካሊፎርኒያ በ2019 ይህን በሕግ ከለከለች። በዚያው ሕግ ላይ ሌላም ነገር አለ፤ እኔ በጣም የምወደው። ከባድ ጥቃት የደረሰባት ወይም ያየች ሴት ለመናገር ብትመጣ በሴተኛ አዳሪነት አትታሰርም ይላል። የእኛ ጣቢያ ይህን ለማድረግ አዲስ ሕግ እስኪወጣ የሚጠብቅ አይመስለኝም። ኃላፊው ቆርጦ «ልትከስ የመጣች ሴት እዚህ አትያዝም» ቢል፣ ለተረኞቹም ቢያሳውቅ፣ ወሬው በአንድ ሌሊት ለሁሉም ይደርሳል። ሴቶቹ እርስ በርስ ይነጋገራሉ።

ኢፕስዊች የምትባል የእንግሊዝ ከተማም አለች። በ2006 መጨረሻ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አምስት ሴቶች ተገደሉባት። አንዷ ከመገደሏ በፊት ለቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ተናግራ ነበር። መኪና ውስጥ መግባት እንደሚያስፈራት፣ ገንዘቡ ግን እንደሚያስፈልጋት። ከዚያ በኋላ ፖሊሱ፣ ማዘጋጃ ቤቱና የጤና ባለሙያዎቹ አብረው ተቀመጡ። ገዢዎቹን ፖሊስ ተከታተላቸው። ሴቶቹን ደግሞ አንድ በአንድ ያዟቸው፤ ማለቴ ለማሰር አይደለም። የዕፅ ሱስ ሕክምና፣ የሚያድሩበት ቤት፣ ጉዳያቸውን የሚከታተል ሰው ተሰጣቸው። ጎዳና ላይ የሚሠሩት ሴቶች ቁጥር በእጅጉ ቀነሰ። ይህ ዘዴ ተቺዎች አሉት፤ ገዢውን ማሳደድም ሴቶቹን ወደ ጨለማ ይገፋል ይላሉ፤ ከላይ ካልኩት የተነሳ ስጋታቸው ይገባኛል። የማዝነው ግን በሌላ ነው። ቤቱም ሕክምናውም የተገኘው አምስት ሰው ከሞተ በኋላ ነው።

«ታዲያ ይፈቀድላቸው ነው የምትይው?» ይሉኛል ጎረቤቶቼ። እዚያው እንግሊዝ፣ በሊድስ ከተማ ሆልቤክ በሚባል ሰፈር ከ2014 ጀምሮ በተወሰነ ሰዓትና ቦታ ሴቶቹ እንዳይያዙ ተደርጎ ነበር። ነዋሪዎቹ ግን «ሳንጠየቅ ተወሰነብን» ብለው አጥብቀው ተቃወሙ። በ2021 ቀረ። እኔ የማየው የነዋሪው ቃል ሳይሰማ የሚደረግ ነገር እንደማይዘልቅ ነው። የሴቶቹ ቃል ሳይሰማ የሚደረገውም እንዲሁ።

ስለ ሰፈራችን ወጣቶች ጥበቃ ሳልናገር አላልፍም። ሌሊት መውጣታቸውን አደንቃለሁ። ነገር ግን አንዱ የአንዲትን ሴት ፊት በስልክ ቀርጾ ቴሌግራም ላይ ለቀቀው። ያቺ ሴት ልጅ አላት። ልጇ ትምህርት ቤት ይማራል፤ ክፍል ውስጥ ስልክ ያለው ልጅ ሞልቷል። ይህ ጥበቃ አይደለም። እባካችሁ፣ ልጆቼ፣ ካሜራችሁን ካነሳችሁ ተማሪ ልጅን ወደሚከተለው መኪና ታርጋ አዙሩት። ታርጋውን ለፖሊስ ስጡ። እሱን ፖሊስ ችላ ካለው እኔ ራሴ አብሬያችሁ ጣቢያ እሄዳለሁ።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ትምህርት ቤቱ አጥር አጠገብ የተቃጠለው የመንገድ መብራት ይቀየር፤ አመልክተን አመልክተን ደክሞናል። ጠዋት መንገዱ ልጆች ሳይወጡ ይጠረግ። ሴቶቹ ከትምህርት ቤቱ መንገድ ራቅ ብለው እንዲቆሙ ከራሳቸው ጋር እንነጋገር፤ አናግሬያቸው አውቃለሁ፣ ብዙዎቹ እናቶች ናቸው፣ ይገባቸዋል። ለአቅመ ሔዋን ያልደረሰች ልጅ ጎዳና ላይ ከታየች ደግሞ ጉዳዩ የሌሎቹ ሴቶች ጉዳይ አይደለም። እሷን ያመጣትና የሚገዛት ሰው በዚያው ሌሊት ይያዝ፤ እሷ ወደ እስር ቤት ሳይሆን ወደሚንከባከባት ሰው ትሂድ። ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለች ልጅ መኖሯን ቀድመው የሚጠቁሙት እነዚያው ትልልቆቹ ሴቶች ናቸው። ተባረው ከሄዱ ማን ይጠቁማል?

ጋዜጣችሁንም እለምናለሁ። ጣቢያውን ሁለት ነገር ጠይቁልን። ከአፈሳው ሌሊት ወዲህ ስንት ወንድ ተከሰሰ? ጥቃት ደርሶብኛል ብላ ያመለከተች ሴት ካለች ጉዳይዋ የት ደረሰ? መልሱን፣ ምንም ይሁን ምን፣ የአፈሳው ዘገባ በወጣበት ገጽ ላይ አትሙት።

የሰፈራችን የደህንነት ኮሚቴ በቅርቡ ይሰበሰባል። ከሴቶቹ ሁለቱን ጠይቄያቸው፣ በር ላይ እንደማይያዙ ቃል ከተገባላቸው መጥተው እንደሚናገሩ ነግረውኛል። ቁጥሩን በቃላቸው የያዙት የመጥፎ ሰዎች መኪና ታርጋ እንዳለም ነግረውኛል። ያንን ቃል ሊሰጣቸው የሚችለው የጣቢያው ኃላፊ ብቻ ነው። ደብዳቤዬ ለእሳቸውም እንዲደርስ እፈልጋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣች ነርስና የሰፈሩ ነዋሪ