ደስ ይበላችሁ ማለት አታልቅሱ ማለት አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣ ከጎንደር

ጤና ይስጥልኝ። እኔ አስጎብኚ ነበርኩ፣ ነበርኩ የምለው በመጀመሪያ ኮሮና ከዛ ደግሞ ጦርነቱ ሲመጣ ቱሪስት ስለጠፋ ነው፣ አሁን የሞባይል ካርድና ትናንሽ ነገር እየቸረቸርኩ ነው ቤቴን የማስተዳድረው። ይሄን የማነሳው ስለ መከራ ከሩቅ ሆኜ እንደማላወራ እንዲታወቅልኝ ነው።

ባለፈው ሰፈራችን ልቅሶ ነበር። ልጃቸውን የቀበሩ እናት ሲያለቅሱ አንድ ሰው ጠጋ ብሎ «ክርስቲያን እኮ እንዲህ አያለቅስም፣ ሐዋርያው ሁልጊዜ በጌታ ደስ ይበላችሁ ብሏል» አላቸው። ሊያጽናና ብሎ ነው፣ ክፉ ሰው አይደለም። እሳቸው ግን ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጫን አድርገው ዝም አሉ፣ ያቺ ዝምታቸው እስካሁን ከውስጤ አልወጣችም። ለዛ ነው የምጽፈው፣ ይሄ አባባል በየልቅሶ ቤቱ ስለበዛ።

ቤቴ ገብቼ የፊልጵስዩስን መልእክት ከስልኬ ላይ አወጣሁና ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት፣ አራት ምዕራፍ ነው አይረዝምም። ጳውሎስ የጻፈው ታስሮ ነው። ደስ ይበላችሁ እያለ ይደጋግማል እውነት ነው፣ ግን እዛው ደብዳቤ ላይ ምዕራፍ 3 ቁጥር 18 «አሁንም እንኳ እያለቀስሁ እላለሁ» ይላል! ምዕራፍ 2 ላይም ጓደኛው አፍሮዲጡ ለሞት እስኪቃረብ ታሞ ሲድን፣ ኀዘን በኀዘን ላይ እንዳይጨመርብኝ እግዚአብሔር ማረኝ ይላል። ማለትም ኀዘን ነበረበት፣ አልደበቀውም። ታዲያ እሱ እያለቀሰ የጻፈውን ይዘን የሰው እንባ ማስቆሚያ እናድርገው?

እኛ ጎንደሬዎች ደግሞ ይሄን ከመጽሐፍ በፊት ከከበሮው ማወቅ ነበረብን። ከበሮ የደስታ ነው፣ ጥምቀት ላይ ፋሲል መዋኛ ጋ ሲመታ ቆሞ የሚያይ እግር የለም። ግን አባቶች ሲያስተምሩን ከላዩ ላይ ያለው ጠፍር ጌታ ሲገረፍ የወጣበት ሰንበር ነው፣ ከበሮውን የሚያለብሱት ጨርቅም ያን ቀን ያለበሱት ልብስ ነው ይላሉ፣ መቋሚያ ይዘው ወዲህ ወዲያ ማለታቸውም ወዲህ ወዲያ እየገፉ ያንገላቱት ምሳሌ ነው። እስቲ አስቡት፣ እልል የምንልበት ነገር በሙሉ ሕማሙን ተሸክሟል። 1880 ዓ.ም ላይ የሱዳን ደርቡሽ ጦር ገብቶ የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥል ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተረፈ፣ ንብ ወጥቶ አባረራቸው ይባላል፣ እኔም ለእንግዳ ስንት ዓመት ጣሪያው ላይ ያሉትን የመላእክት ፊቶች ቀና በሉና እዩ እያልኩ ይሄንኑ ስተርክ ኖርኩ። አሁን አሁን ግን የማስበው ደብራቸው የተቃጠለባቸውን ካህናት ነው፣ አመድ ላይ ቆመው ምን እንዳሉ አላውቅም፣ አቋቋሙ፣ ያ በከበሮና በመቋሚያ የሚቆመው ዝማሬ ግን አልጠፋም፣ ይኸው ዛሬም በዓታ ቤተ ክርስቲያን ልጆች ይማሩታል።

ወደ እናትየዋ ልመለስ። በየወሩ በ7 የሥላሴ ማኅበር አለን፣ ኑሮው ስለተወደደ እናቋርጠው ያለም ነበር ሙሴያችን፣ የማኅበሩ መሪ ማለት ነው፣ ግን ቆሎ ብቻ ቢቀርብም አይቋረጥም ብለው አጸኑት። ልጃቸው ከሞተ በኋላ ተራው የእሳቸው ሆነ፣ እኛም አዝነው እንዴት ይደግሳሉ ብለን ለሌላ ሰው ልናዞርላቸው ስንል «ጽዋው ከቤቴ አይዘልም» አሉ። አንድ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ትንሽ ጠላ ነው የቀረበው። ጸሎት ደርሶ ዳቦው ሲቆረስ የልጃቸውን ስም ጠርተው አለቀሱ፣ ቄሱም ዝም ብለው ጠበቋቸው ማንም አታልቅሺ አላላቸውም፣ ከዛ እንባቸው ሳይደርቅ መዝሙር ሲነሳ በጣም ረጅም እልልታ አሰሙ። እኔ እንደዛ ያለ እልልታ በሠርግ እንኳ ሰምቼ አላውቅም።

እባካችሁ ልቅሶ ቤት ስትሄዱ ጥቅስ ከመጥቀሳችሁ በፊት ትንሽ አብራችሁ ተቀመጡ። በሚቀጥለው ወር ጽዋው እኔ ቤት ነው፣ ገብሱ ተገኝቷል፣ ጌሾውን እኚሁ እናት እሰጥሃለሁ ብለውኛል።

አንባቢያችሁ፣ ከጎንደር