የፎቶግራፍ ክበብ ዘገባ፦ አንድ ካሜራና አንድ ከረጢት ገብስ

ዓመቱን የጀመርነው በ14 ተማሪዎችና በአንድ ካሜራ ነው። ካሜራውም የእኛ አይደለም፤ የሚኒ ሚዲያ ነው። የወላጆች ቀን ሲደርስ ይወስዱታል፣ ሌላ ጊዜ ለእኛ ይተዉታል። ትራይፖዱ፣ ማለት የካሜራው ማቆሚያ፣ አንድ እግሩ ተሰብሯል። ስለዚህ ከአንዷ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ቤት አምስት ኪሎ ገብስ በከረጢት መጣ። ካሜራውን እሱ ላይ እያስተኛን ወደ ሰማይ አዞርነው። እውነቱን ለመናገር ከትራይፖዱ ይሻላል፤ ነፋስ አይነቀንቀውም።

ክበባችን እስከ ዛሬ አበባና ምረቃ ሲያነሳ ነው የኖረው። ዘንድሮ ሌሊቱን እንሞክር ያልኩት እኔ ነኝ። ሰበቤ የከተማችን ስም ነበር። ደብረ ብርሃን የተባለችው አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ሰማይ ላይ ብርሃን አይተው ነው ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1456 ሃሌይ የምትባለው ጅራታም ኮከብ ታይታ ነበርና፣ ያ ብርሃን እሷ ልትሆን ትችላለች የሚሉ የታሪክ ሰዎች አሉ። ሃሌይ በ76 ዓመት ገደማ አንዴ ነው የምትመጣው፤ ቀጣዩ እ.ኤ.አ. በ2061 ነው። መንገዷ ላይ የበተነችውን ብናኝ ግን ምድር በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ታቋርጠዋለች። ያን ጊዜ የሚታዩት ተወርዋሪ ኮከቦች ኦሪዮኒድ ይባላሉ። ይህን ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ አለ። ፊዚክስ ሳስተምር እንዲህ ጸጥ ብሎልኝ አያውቅም።

ኦሪዮኒድ የሚበዛበት ጥቅምት 11 ግን ማክሰኞ ዋለ። በትምህርት ቀን ልጆች ማሳደር አይሆንም። ካሜራውን ቤቴ ወስጄ ከጓሮ ሳነሳ አነጋሁ። ረቡዕ ጠዋት በኩራት ልጆቹ ፊት ኮምፒውተር ላይ ከፈትኩት። 212 ፎቶ፣ ሁሉም ብዥ ያለ። እያንዳንዱ ኮከብ ወረቀት ላይ የወደቀ የዘይት ጠብታ ይመስላል። የፎከስ ቀለበቱን እስከ መጨረሻው ካዞርኩት ሩቁን ያጠራል ብዬ ነበር። ለካ ብዙ ሌንስ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ሩቁንም አልፎ ይሄዳል። ልጆቹ ይህችን እስካሁን አልተዉልኝም። ደብተር ሳይጨርሱ ሲገኙ «ቲቸር፣ ቀለበቱን አሳልፈነው ነው» ይላሉ።

ታኅሣሥ 4 ቅዳሜ ማታ ግን ተሳካ። ያን ሌሊት ጀሚኒድ የሚባሉት ተወርዋሪ ኮከቦች ይታዩ ነበር። የጀሚኒድ ምንጭ እንደ ሃሌይ ጅራታም ኮከብ አይደለም፤ ፌይቶን የሚባል፣ እ.ኤ.አ. በ1983 የተገኘ አስትሮይድ፣ ማለትም ፀሐይን የሚዞር አለት ነው። ብናኙ አየራችን ውስጥ የሚገባው በሰከንድ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ እየበረረ ነው። ይህ ለተወርዋሪ ኮከብ ዝግ ያለ ነው፤ ለካሜራም ይመቻል። 11 ልጆች ወላጅ አስፈርመው መጡ። ከመሸ መውጣትና መግባት ስለሌለ ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት ገብተው እስኪነጋ ግቢ ውስጥ አደሩ።

የታኅሣሥን ውርጭ ለደብረ ብርሃን ሰው አላስረዳም። የብርድ ልብስ ፋብሪካ እዚህ መሠራቱ ይገባኛል። ጋቢ ላይ ጋቢ ደርበን ተቀመጥን። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ሌንሱ ጤዛ ለበሰ። አንዱ ልጅ ካልሲውን አወለቀና ሙቅ ውሃ የያዘች ትንሽ ሃይላንድ ከትቶ ሌንሱ ሥር ሸጎጣት። ሠራ። (ካልሲው ንጹሕ ነበር ብሏል፤ አላጣራሁም።) ፎከሱን በዚህኛው ዙር በጁፒተር አስተካከልን። ስክሪኑ ላይ አጉልተን ትንሽ ነጥብ እስክትሆን አጠራንና ቀለበቱን በፕላስተር አሰርነው። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 3200፣ አፐርቸሩ (ብርሃን የሚገባበት የሌንሱ ቀዳዳ) እስከሚችለው ክፍት፣ እያንዳንዱ ፎቶ 20 ሰከንድ። ከዚያ ካለፈ ምድር ስለምትዞር ኮከቦቹ ጭረት ይሆናሉ። ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ የሰፈሩ መብራት ሄደ። ዓመቱን ሙሉ መብራት ሲሄድ ያጨበጨብነው ያን ቀን ብቻ ነው።

ሊነጋጋ ሲል ፎቶዎቹን ስናይ አንድ የ11ኛ ክፍል ልጅ ጮኸ። ረጅም፣ ቀጥ ያለ ነጭ መስመር። «የሚቀጥለውን ክፈት» አልኩት። መስመሩ እዚያም ቀጥሏል። ሳተላይት ነው። ተወርዋሪ ኮከብ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰከንድ እንኳ ስለማይቆይ የሚገኘው አንድ ፎቶ ላይ ብቻ ነው፤ ሁለቱም ጫፉ ይቀጥናል። ልጁ ዝም አለ። ዝም ብሎ መገልበጡን ቀጠለ። አርባ ፎቶ ያህል ካለፈ በኋላ ከውሃ ሮቶው በላይ አረንጓዴ ያለባት አጭር መስመር አገኘ። ቀጣዩን ከፈተ፤ የለችም። የፊተኛውን ከፈተ፤ የለችም። ያን ጊዜ አልጮኸም፤ ስክሪኑን በጣቱ ብቻ ነካው። ከ900 ፎቶ ውስጥ 9 አገኘን። በዓይናችን ያየነው ከዚያ ብዙ እጥፍ ነው፤ ካሜራው ወደ ምሥራቅ ሲያይ ኮከቡ በምዕራብ ይሄዳል።

ከኮከቡ ቀጥሎ መብረቅ ፎቶ እናንሳ አልን። ይህ ሲነሳ መጀመሪያ የደረሱብኝ ወላጆች ናቸው። አንድ አባት መጥተው «መምህር፣ እኔ ሁለት በሬ በመብረቅ ያጣሁ ሰው ነኝ። ልጄን መብረቅ ጠብቂ ይሏታል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። በማግስቱ ከልጆቹ ጋር ደንብ ጻፍን። ማንም ከክፍል አይወጣም። ብልጭታው ታይቶ ድምፁ 30 ሰከንድ ሳይሞላ ከተሰማ፣ ማለትም መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር ከቀረበ፣ መስኮት ይዘጋል፣ ሰው ከመስኮት ይርቃል። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ወደ ቤት የለም። ሰውየው አነበቡና «እኔም እመጣለሁ» አሉ።

ሚያዝያ ውስጥ አንድ ማታ በቆላው በኩል ሰማዩ ይበልጨለጭ ጀመር። ቀይ ሹራቧን አያቷ አስወልቀዋት የመጣች ልጅ ነበረች፤ መብረቅ ቀይ ይወዳል ብለው። መብረቅ ቀለም አይመርጥም፤ ከፍ ያለውንና ብቻውን የቆመውን ነው የሚያዘወትረው። ልጆቹ ብልጭ ሲል ቶሎ ለመጫን ተሽቀዳደሙ። ሁሉም ፎቶ ጥቁር ወጣ። ጣት መብረቅ ላይ አይደርስም። ሸተሩን (ብርሃን የሚያስገባውን የካሜራውን መዝጊያ) 15 ሰከንድ ክፍት ትቶ፣ ራሱ መጥቶ እንዲገባ መጠበቅ ነው። ለኮከብ የከፈትነውን ሁሉ ግን ለመብረቅ ዘጋን፦ አይኤስኦ 100፣ አፐርቸር 8። የክፍሉን መብራት አጠፋን። በስድስተኛው ፎቶ ላይ እንደ ግራር ሥር የተበተነ መብረቅ ገባ።

አባትየው ጥግ ላይ ተቀምጠው በጣታቸው ይቆጥራሉ። 41 ላይ ድምፁ መጣ። ቀጥሎ 34። ቀጥሎ 27 ሲደርሱ ተነሱና ከእኔ ቀድመው «መስኮት ዝጉ!» አሉ።

ለክረምቱ ዕቅድ የለንም። ነሐሴ 6 ገደማ ፐርሲድ የሚባሉ ተወርዋሪ ኮከቦች አሉ፤ ግን ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ ሰማዩም ደመና ነው። ለመስከረም ሁለተኛ ባትሪና ሰፊ ሌንስ ያለው ሰው ቢያውሰን ደስ ይለናል። ካሜራውን ለሚኒ ሚዲያ መልሰናል። ገብሱም ወደ ቤቱ ተመልሷል። በሳምንቱ ቆሎ ሆኖ መጣልን።