ትሪኮፕላክስ የሕዋስ ክምር አይደለም

የተከበራችሁ አዘጋጆች፣

ሰሞኑን በሳይንስ ዓምዳችሁ የወጣው ጽሑፍ ትሪኮፕላክስ የሚባለውን ጠፍጣፋና ትንሽ የባሕር እንስሳ «ኅብረ ሕዋስ የሌለው፣ አራት ዓይነት ሕዋሳት የተከማቹበት» ብሎታል። አራት የሚለው የድሮ ቆጠራ ነው፤ በ2014 እ.ኤ.አ. በወጣው ጥናት ስድስት ሆነዋል። «ክምር» የሚለው ግን ጭራሽ ስህተት ነው።

እንስሳው ስፋቱ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 25 ማይክሮ ሜትር ገደማ ነው። አፍም፣ ነርቭም፣ ጡንቻም የለውም። ሕዋሳቱ ግን ቦታ ቦታቸውን ይዘዋል፦ ከላይ ስስ ሆነው የተነጠፉ፣ ከታች ቀጥ ብለው ተጠጋግተው የቆሙ፣ በመካከል ደግሞ እጃቸውን ወደ ጎረቤቶቻቸው የሚዘረጉ የፋይበር ሕዋሳት። የሚንሸራተተው የታችኞቹ ሕዋሳት እያንዳንዳቸው ባላቸው አንድ አንድ ሲሊየም (ፀጉር መሰል ተንቀሳቃሽ ዘንግ) ነው።

አመጋገቡን ያየ ሰው «ክምር» አይልም። አልጌ ላይ ሲደርስ ሲሊየሞቹ መንቀሳቀሳቸውን ያቆማሉ፤ እንስሳው ይቆማል። ከዚያ ሊፖፊል ከሚባሉት ሕዋሳት ውስጥ ከአልጌው አጠገብ ያሉት ብቻ በውስጣቸው የያዙትን ቅንጣት ይለቃሉ፤ አልጌው ወዲያው ይፈርሳል፤ ፍርስራሹም በሆዱ ሥር ተፈጭቶ ይመጠጣል። ራቅ ያሉት ሊፖፊሎች ንክች አይሉም።

ኅብረ ሕዋስ አይደለም የሚሉት መከራከሪያቸው ከኤፒተልየሙ (አካሉን ከሚሸፍነው የሕዋሳት ንጣፍ) ሥር ቤዝመንት ሜምብሬን የሚባለው ስስ መደገፊያ ሽፋን አለመኖሩ ነው። እውነት ነው፣ የለውም። ነገር ግን መለኪያው ይህ ብቻ ከሆነ፣ ሆሞስክሌሮሞርፋ የሚባሉት ስፖንጆች ይህ ሽፋን ስላላቸው ስፖንጅን በጅምላ «ኅብረ ሕዋስ አልባ» ማለቱም መቅረት አለበት። እኛ የምንይዘው መለኪያ ሕዋሳቱ ላይና ታቻቸው መለየቱን፣ ጎን ለጎን መያያዛቸውንና ሥራ መከፋፈላቸውን ነው። መያያዛቸውን ለማየት ካልሲየምና ማግኒዥየም የሌለበት የባሕር ውኃ ውስጥ ማስገባት ነው፤ ማያያዣ ፕሮቲኖቹ ያለ ካልሲየም ስለማይዙ ሕዋሳቱ ይበታተናሉ።

በጽሑፉ የታተመው ተጨማድዶ የሚታይ ምስልም ያሳስታል። ለማይክሮስኮፕ ሲዘጋጅ፣ ቅርጹን እንዲይዝ በኬሚካል ቀስ ተብሎ ሲታከም እንስሳው ይኮማተራል፣ የሕዋሳቱም ድንበር ይደበዝዛል። በ2014ቱ ጥናት በከፍተኛ ግፊት በቅጽበት እንዲቀዘቅዝ የተደረገው ለዚሁ ነው።

በሕይወት ማየት ለሚፈልጉ መምህራን፦ ቀይ ባሕር ሩቅ አይደለም፤ ብዙ ቤተ ሙከራዎች የሚያረቡት በተመራማሪው ግሬል ስም የሚጠራው ዘር የተገኘው በ1969 እ.ኤ.አ. ከዚያው ባሕር፣ በእስራኤል ካለችው ከኤላት አካባቢ ነው። የማይክሮስኮፕ መስታወቶችን ባሕር ውስጥ ወይም በቆየ የጨው ውኃ አኳሪየም ውስጥ አንድ ሁለት ሳምንት አቆይቶ፣ ሳይደርቁ በባሕር ውኃ ሳህን ውስጥ፣ ከጎን በሚመጣ ብርሃን መፈተሽ ነው። እንስሳውን ከመስታወቱ የሚያነሱት በፒፔት ውኃ ገፋ እያደረጉ እንጂ በመርፌ አይደለም፤ ይቀደዳል። ሳህኑ ይከደን፤ ውኃው ሲተን ጨዋማነቱ ይጨምርና እንስሶቹ ያልቃሉ። አልጌም አይብዛባቸው፤ ሲበሰብስ ውኃውን ያበላሻል።

ሁለት የሥነ ሕይወት መምህራን
አዲስ አበባ