ትምህርቱ በነፃ ይገኛል፤ ባትሪና ሚሞሪ ካርድ ግን ይገዛል፦ የድጋፍ ጥሪ

ኢንተርኔት በማይደርስባቸው የገጠር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት እየተከልን ነው። ለይዘቱ አንድ ብር አንጠይቅም። ፌት የተባሉት የፊዚክስና የኬሚስትሪ ማስመሰያዎች (ሲሙሌሽኖች) በክሪኤቲቭ ኮመንስ፣ ማለትም ሥራን በነፃ ለመጠቀም በሚያስችል ፈቃድ ስለተለቀቁ ምንጫቸው እስከተጠቀሰ ድረስ ይቀዳሉ፣ ይባዛሉ። ኪዊክስ የተባለው ሶፍትዌር ዊኪፒዲያን፣ ኮሊብሪ የተባለው ደግሞ የካን አካዳሚን የቪዲዮና የመልመጃ ትምህርት ያለ ኔት ያቀርባሉ። በፕላዝማው ጊዜ መምህሩ ሥርጭቱን ማስቆም አይችልም ነበር፤ አሁን ያቆማል፣ ይደግማል። ላቦራቶሪ የሌለው ተማሪም ሰርኪዩት በስክሪን ይገጣጥማል።

ለአንድ ትምህርት ቤት የሚያስፈልገው ባለ 4 ጊጋባይት ራም ራስፕቤሪ ፓይ 4 (ቤተ መጻሕፍቱን የሚይዝ ትንሽ ኮምፒውተር)፣ ሁለት ባለ 256 ጊጋባይት ሚሞሪ ካርድ፣ ራውተር (የፓይው ዋይፋይ ሙሉ ክፍል አይችልም) እና ባለ 12 ቮልት፣ 18 አምፒር-ሰዓት ባትሪ ከነቻርጀሩ ነው። ከዚህ ያነሰ ባትሪ አትግዙ። ፓይውና ራውተሩ በአንድ ላይ 15 ዋት ገደማ ይበላሉ፤ ለ6 ሰዓት ሲሠሩ 90 ዋት-ሰዓት ይሆናል። ባትሪው 216 ዋት-ሰዓት ቢይዝም፣ እንዲህ ያለው ሊድ አሲድ ባትሪ በየቀኑ ከግማሽ በታች ከወረደ ዕድሜው ስለሚያጥር የምንጠቀመው 108 ያህሉን ብቻ ነው። ያለ ባትሪ ደግሞ መብራት ድንገት ሲጠፋ እየተጻፈበት ያለው ካርድ ሊበላሽ ይችላል። ሁለተኛው ካርድ ሙሉ ቅጂ ተጭኖበት መሳቢያ ውስጥ የሚቀመጠው ለዚያ ቀን ነው። ፓይ 4 ጠፍቶ ሲነሳ ቀኑን ስለሚስት ኮሊብሪ የተማሪውን ውጤት በተሳሳተ ቀን እንዳይመዘግብ አነስተኛ የሰዓት ሞጁልም እንገጥማለን።

ከውጭ ለምትመጡ ካርድ ይዞ መምጣት ቀላል ነው፤ ግን ተጠንቀቁ። ላዩ ላይ 512 ጊጋባይት የተጻፈበት ርካሽ ካርድ 32 ብቻ የሚይዝ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፣ የተረፈው ፋይል ድምፁን ሳያሰማ ይጠፋል። ጢም አድርጋችሁ ሙሉትና ፋይሎቹ መልሰው መከፈታቸውን አረጋግጡ።

የመጻሕፍት መደብር መጽሐፍ ስካን አድርጋችሁ አትላኩልን፤ የቅጂ መብት ስላለው አንጭነውም። ማሻሻልን የሚከለክል ፈቃድ ያለውን ጽሑፍም ተርጉመን ማሰራጨት አንችልም። አፍሪካን ስቶሪቡክ በተባለው ድረ ገጽ ያሉት አብዛኞቹ የልጆች ተረቶች ግን መተርጎምን ይፈቅዳሉ፤ ስለዚህ ጥሩ አማርኛ ያላችሁ ተርጓሚዎች እንፈልጋለን። ባለ 16 ገጽ ተረት በ4 ኤፎር ወረቀት ግራና ቀኝ ታትሞ፣ ታጥፎ፣ መሃሉ ይሰፋል። ወረቀትና ቶነርም እንቀበላለን።

ገንዘብ የምትሰጡ በየትምህርት ቤቱ ወተመህ (የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት) በኩል ገቢ አድርጋችሁ ደረሰኝ ተቀበሉ። ተከላው በክረምት ስለሚካሄድ ዕቃው እስከ ሐምሌ መጨረሻ ይድረሰን።